ቅቤው ሞያሌ ቀረ

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በምግብ ዝግጅት ቡድኑ ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ሽያጫችን ማደግ ብቻ ብንነግራችሁ ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን ገንዘቡም ስሙም የሁላችንም ስለሆነ፣ ያሳፈረንንም ልንነግራችሁ ይገባል።

አንዲት እናት ናይሮቢ ያለች ልጃቸው ወልዳ፣ በወንድ ልጃቸው መኪና አራስ ሊጠይቁ ተነሡ። እኛ ዘንድ መጥተው የገንፎ ዱቄት፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቋንጣና 4 ኪሎ የተነጠረ ቅቤ አዘዙ። ሁሉንም በየፌስታሉ ቋጥረን ሰጠናቸው። «ቅቤውንና ቋንጣውን ከልብሱ ሥር አድርጉት» ብለን የመከርናቸውም እኛው ነን።

ከሐዋሳ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዲላ፣ በቡሌ ሆራና በያቤሎ አልፈው ደረሱ። ሞያሌ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያና የኬንያ የጋራ የድንበር ጣቢያ አለ፤ ተጓዥ የመውጫውንም የመግቢያውንም ጉዳይ በአንድ ቦታ ይጨርሳል። ምን እንደያዙ ሲጠየቁ «ልብስና ትንሽ ስንቅ» አሉ። ሻንጣው ሲከፈት ቅቤውም ቋንጣውም ወጣ። ፈቃድም የጤና ምስክር ወረቀትም ስላልነበረው ሁለቱም ቀሩ። ፌስታሉም ቀረ፤ ኬንያ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። እኚህ እናት በርበሬውን በነጠላቸው ቋጥረው ገቡ። የአራሷም ገንፎ ያለ ሐዋሳ ቅቤ ተበላ።

ተመልሰው ሲመጡ ገንዘቤን መልሱልኝ አላሉንም። «እኔ እናንተን አምኜ ነው የደበቅሁት» አሉን። ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ቃላቸው ከበደን። የቅቤውንና የቋንጣውን ዋጋ መልሰንላቸዋል።

አንዳንዶቻችን «ንጹሕ ቅቤ ምን አጠፋ?» ብለን ነበር። ስንጠይቅ ግን ምክንያቱ ገባን። ተቆጣጣሪው የሚፈራው የእጃችንን ንጽሕና ሳይሆን እንደ አፍተግር ያለውን የከብት በሽታ ነው። በሽታው በሥጋና በወተት ተዋጽኦ ድንበር ይሻገራል። በ1993 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር አፍተግር ገብቶ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታርደዋል፤ መነሻው ለአሳማ የተሰጠ፣ በሕገወጥ መንገድ የገባ ሥጋ ያለበት ትራፊ ሳይሆን እንዳልቀረ ይታመናል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም መንገደኛ ከእኛ አገር ሥጋና ቅቤ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላሉ፤ ማር ግን እስከ 2 ኪሎ ይፈቅዳሉ። ጭኮም ገብስ ነው ብለን አንታለል፤ ቅቤ አለበት።

ስለዚህ ቡድናችን ይህን ወስኗል። ለመንገድ የሚሆን ትእዛዝ ስንቀበል ወዴት እንደሚሄድ አስቀድመን እንጠይቃለን። ደንበኛው የሚሄድበትን አገር ደንብ ሳያጣራ ቅቤና ቋንጣ አንሸጥለትም። በየእሽጉ ላይ ምን ምን እንደገባበት በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንጽፋለን። ፌስታል ትተን በጨርቅ ከረጢትና በክዳን ባለው ዕቃ እናሽጋለን። ከሁሉ በላይ «ደብቁት» የሚል ምክር ከቤታችን አይወጣም፤ «የያዛችሁትን ሁሉ ተናገሩ» እንላለን።

ለአራስ ጠያቂም መላ አግኝተናል። ቅቤ ናይሮቢም ይሸጣል። እኛ ደረቁን የቅቤ ማንጠሪያ ቅመም፣ ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱንና አብሹን፣ ለክተን እናዘጋጃለን፤ ቅቤው እዚያው ተገዝቶ ይነጠራል። ቅመሙም ቢሆን ሲጠየቁ የሚታይ እንጂ የሚደበቅ አይደለም።

የመጀመሪያውን ጥቅል ለእኚያ እናት በነጻ ሰጥተናቸዋል። ለልጃቸው ከላኩላት በኋላ ደውለው፣ «ቤቱ የእኔን ጓዳ ሸተተ አለችኝ» ብለውናል።

አባላት ውሳኔያችንን እንድታጸድቁልን፣ ደጋፊዎቻችንም ለማሸጊያውና ለጽሑፉ ወጪ እንድታግዙን እንጠይቃለን።