ማኅተሙና ድንጋዩ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ መድረክ ስለ ግድብና ስለ ድልድይ መስማት የለመደ ጆሮ፣ ስለ ምላጭ መሳያ ድንጋይ ሲነገረው ነገሩን እንደ ጨዋታ ሊቆጥረው ይችላል። አልፈርድበትም። ነገር ግን ምንነቱ ያልታወቀን ቁስ መርምሮ ለምን ሥራ እንደሚበቃ መወሰን የሙያችን ግዴታ ነውና ጥቂት ታገሡኝ።

ለምላጭ ከሚሆኑት የተፈጥሮ ድንጋዮች መካከል ስሙ እጅግ የገነነው የጃፓኑ ነው። የሚወጣው በኪዮቶ ከተማ አጠገብ ካሉት ኮረብታዎች ሲሆን፣ ናካያማ፣ ኦዙኩና ኦሂራ የተባሉት ሥፍራዎች በተለይ ይታወቃሉ። ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነ ዘመን፣ ራዲዮላሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ የባሕር ፍጥረታት ቅሪትና ደቃቅ ሸክላ በጥልቅ ባሕር ወለል ላይ እየተነጠፉ የጠጠሩበት ነው። አብዛኞቹ የማውጫ ጉድጓዶች ስለ ተዘጉ ዋጋው ንሯል፤ ዋጋው ሲንር ደግሞ ሐሰተኛው በዝቷል። ማኅተሙ በቀለም የሚመታ ስለ ሆነ በማናቸውም ድንጋይ ላይ ሊያርፍ ይችላል። እኔም ባለማወቄ የናካያማ ማኅተም ያለበትን ድንጋይ ከአንድ ነጋዴ በወር ደመወዜ ገዝቼ፣ የምላጬ ስለት እንደ መጋዝ ሲሸራረፍ በማይክሮስኮፕ አይቻለሁ። ፈተናውን የተማርኩት ከዚያ ኪሳራ ነው።

በመጀመሪያ ድንጋዩን በአየርና በውሃ ውስጥ መዝኜ እፍጋቱን አሰላለሁ። ቀጥሎ አንድ የውሃ ጠብታ አሳርፌ የሚሰርግበትን ጊዜ እለካለሁ፤ ለስላሳው ፈጥኖ ይጠጣል፣ ጠጣሩ ያቆየዋል። (ጃፓኖች የድንጋዩን ጎን የሚቀቡት ውሃ በንብርብሩ መካከል ገብቶ እንዳይሰነጥቀው ነው።) ከዚያም በፊቱ ላይ በሚታየው መሥመር ሁሉ መርፌ በቀስታ እጎትታለሁ፤ መርፌው የተደናቀፈበት መሥመር ስለትንም ያደናቅፋል። የገዛሁት ድንጋይ የወደቀው እዚህ ላይ ነበር።

ዋናው ፈተና ግን በብረት ላይ ነው። ሁለት ምላጮችን አላወዳድርም፤ ብረታቸው ይለያያልና። አንዱን ምላጭ ቁጥር 8000 በሆነ ሰው ሠራሽ ድንጋይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስዬ፣ ግማሹን ብቻ በሚፈተነው ድንጋይ ላይ አሳልፋለሁ። ሁለቱ ግማሾች መቶ እጥፍ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ በማግሥቱ ግራና ቀኝ ጉንጬ ፍርዱን ይሰጣሉ። ጸጉር አንጠልጥሎ በስለት መቁረጥ ለተመልካች ደስ ያሰኛል እንጂ፣ የጸጉሩ ውፍረትም የእጅ አያያዝም ስለሚለዋወጥ አልተማመንበትም።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። አባቴ በወጣትነቱ፣ ከኪራሙ በታች ወደ አባይ ከሚወርድ ጅረት ያነሣው መዳፍ የሚያህል ጥቁር ግራጫ ሞረድ አለው። እኔና ወንድሞቼ ቁንጮ ተትቶልን የተላጨነው ቀጥቃጭ በሠራው፣ በዚህ ድንጋይ በተሳለ ምላጭ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በጊዳ ኪራሙ ብዙ ሰው አልቆ ብዙ ቤተሰብ ሲሰደድ፣ አባቴ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ ሲደርስ ከኮቱ ኪስ የወጣው ይኸው ድንጋይ ነበር። ከብቱም እህሉም በዚያው ቀርቷል።

ድንጋዩን በዚያው ሥርዓት ፈተንኩት። ጠብታው ቡና አንድ ጊዜ እስኪቀዳ ድረስ ሳይሰርግ ቆየ፤ መርፌው አልተደናቀፈም፤ አሲድ ሲነካው ስላልፈላ የኖራ ድንጋይ አይደለም። የተሳለበት የምላጩ ግማሽ ከሌላው ይልቅ ለስላሳ ሆኖ ታየ፤ ጉንጬም መሰከረ። ከጥሩ የጃፓን ድንጋይ ይበልጣል አልልም፤ ማኅተም ካለው የእኔ ድንጋይ ግን እንደሚበልጥ አልጠራጠርም።

አባቴ ሁሉን ሲመለከት ቆይቶ፣ «ይህን ለማወቅ አንድ ራስ መላጨት አይበቃህም ነበር?» አለኝ።

የድንጋዩን ዓይነት በእርግጥ ለመናገር ስስ ቁራጭ አስቆርጦ በማይክሮስኮፕ ማስመርመር ያስፈልጋል። አባቴ አልፈቀደም፤ «ሌላ የለኝም፤ ሄጄም አላመጣም» አለ። ትክክል ነው። ስለዚህ ልኬቱንና ጅረቱ ያለበትን ሥፍራ አባቴ እንደ ነገረኝ ጽፌ ለማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት አስረክቤአለሁ። ከእናንተ መካከል መንገዱ ደኅና ሆኖ ለሥራ ወደዚያ የሚወርድ ቢኖር፣ ቡጢ የምታህል አንዲት ቁራጭ እንዲያመጣልኝ አደራ እላለሁ።