የጥበብ ሳምንት በስምንተኛው ቀን



በዛሬው ንግግሬ ላወሳላችሁ የፈለግሁት በየሰፈሩና በየትምህርት ቤቱ ስለሚደረገው የኪነ ጥበብና የትምህርት ሳምንት ነው። በእንዲህ ያለው ሳምንት ሕፃናት የሣሉት ሥዕል በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ወጣቶች ያጠኑት ቴአትር ይታያል፤ ክራርና ማሲንቆ ይሰማል፤ ሽማግሌዎችም ተረትና ታሪክ ያወጋሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሳምንቱ ባለቀ ማግሥት ሥዕሉ ይወርዳል፤ ወንበሩ ይነሣል፤ በሩም ይቆለፋል። እንግዲህ በስምንተኛው ቀን ምን ቀረ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ይህን ጥያቄ ያስተማረን የአገራችን ታሪክ ነው። በ1927 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ በተቃረበ ጊዜ የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቁሞ ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ለነጻነቱ ያነሣሣ ነበር። ያ ጅምር የአንድ ሰሞን ስብሰባ ሆኖ አልቀረም። ከድል በኋላ እንደ ገና ተደራጅቶ ቋሚ የቴአትር ቤት ስለ ሆነ፣ እንደ ጥላሁን ገሠሠ ያሉ ድምፃውያን በወጣትነታቸው የሚሠሩበት መድረክ አገኙ።

እንዲሁም ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ አገር፣ በቺካጎ ከተማ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። አንድ የሥዕል ትርኢት ጥቂት ቀን ታይቶ ይዘጋል፤ ትምህርት ቤት ግን ዓመት በዓመት ሠዓሊ ያወጣል። ዛሬም ትምህርት ቤቱ በመሥራቹ ስም ይጠራል።

በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቶ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ ሽልማት እስከ ማግኘት ደርሶ ነበር። ሆኖም ፊደል የቆጠረ ሰው ቀጥሎ የሚያነበው ካላገኘ፣ ዕውቀቱን ታርሶ እንደ ተተወ ማሳ ዳዋ ይውጠዋል። ዘመቻ በር ይከፍታል፤ በሩ ተከፍቶ እንዲኖር የሚያደርገው ግን የዘወትር ልማድ ነው።

አድማጮቼ፤ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ለዚህ ጊዜም ገንዘብም የለንም እንል ይሆናል። እውነት ነው፤ ደመወዙ ከወር ወር ለመድረስ ይቸገራል፤ ከመሥሪያ ቤት ስንወጣም የታክሲው ሰልፍ ይጠብቀናል። ይሁን እንጂ የምንፈልገው አዲስ አዳራሽ ወይም አዲስ በጀት አይደለም። በየሰፈራችን እድር አለ። እድሩ ድንኳን አለው፤ አግዳሚ ወንበር አለው፤ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ አባላቱም በየወሩ ይሰበሰባሉ። ያ ወንበር ለኀዘንተኛ ማስተዛዘኛ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለልጆች ንባብና ለአዛውንት ወግ ቢዘረጋ ማንን ይጎዳል?

ከዚህም ጋር ሁለት ነገር ይጨመር። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ አንብቦ የጨረሰውን አንድ መጽሐፍ ለሰፈሩ ልጆች ይስጥ፤ ጸሐፊውም እንደ እድሩ መዋጮ በመዝገብ ይያዘው። ሁለተኛ፣ ሽማግሌው ወይም አሮጊቷ ሲያወጉ አንድ ተማሪ የተናጋሪውን ስም፣ የትውልድ አገሩንና ቀኑን ጨምሮ በደብተር ይጻፍ። ያልተጻፈ ወግ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።

ስለ ወላጆችም አንድ ቃል ልበል። ልጁ ክራር ባነሣ ጊዜ «አዝማሪ ልትሆን ነው ወይ?» ብሎ የሚቆጣ አባት ዛሬም አይጠፋም። በበዓሉ ሳምንት ከሕዝብ ጋር ያጨበጨበ እጅ፣ በስምንተኛው ቀን ክራሩን ከልጁ የሚነጥቅ ከሆነ ጭብጨባው ከንቱ ነው። ልጁን ወደ ትርኢቱ ከመላክ ይልቅ አብሮት ይሂድ፤ አጠገቡ ተቀምጦ ይመልከት፤ ሲመለሱም ያየውን ይጠይቀው። ልጅ አንድን ነገር ማክበርን የሚማረው አባትና እናቱ ሲያከብሩት አይቶ ነው።

ስለዚህ በሰፈራችን የጥበብ ሳምንት ሲደረግ፣ የመጣውን ሰው ብዛት ብቻ ቆጥረን አንርካ። በማግሥቱ የቀረውን መጽሐፍ፣ የተጻፈውን ደብተርና ትምህርቱን የቀጠለውን ልጅ እንቁጠር። የሳምንቱ እውነተኛ ሒሳብ ያ ነው።