የሃምሳ አለቃው ደብተር

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



በዛሬው ዝግጅታችን ወደ ጊምቢቹ ይዘናችሁ እንሄዳለን። ጊምቢቹ በሐድያ ዞን የሶሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከሆሳዕና ተነስቶ እንሰት በከበባቸው ጓሮዎች መካከል የሚጓዝ ሰው ያገኛታል፤ ከእርሷ ወዲያ ምድሩ ወደ ግቤና ኦሞ ቆላ ቁልቁል ይወርዳል።

የሄድነው ለቅሶ ልንደርስ ነበር። ለጀናዛው መድረስ አልቻልንም። በሦስተኛው ቀን ስንገባ ግቢው ገና በሰው እንደተሞላ ነው። የመስጂዱ ጀመዓ፣ የእድሩ ሰዎች፣ ክርስቲያን ጎረቤቶችም ሳይቀሩ በአንድ ድንኳን ሥር ተቀላቅለው ተቀምጠዋል። የሞቱት ሰው በከተማው «ጋሽ ሃምሳ አለቃ» ይባሉ ነበር። ስማቸውን ግን አንነግራችሁም። ባለቤታቸው እንዳጫወቱን፣ ሟቹ በመጨረሻ ሕመማቸው ላይ ሳሉ ጉዳያቸው በሬዲዮ ቢነገር እንደሚወዱ፣ ስማቸው እንዲጠራ ግን እንደማይፈልጉ ተናዘዋል። ሪያእን ይፈሩ ነበር። እኛም አማናውን ጠብቀናል። ይህ ጉዳይ የሚመለከተው ሰው ቢሰማን ስም ሳንጠራ ያውቃቸዋል። እርሱ ማን እንደሆነ ኋላ እንደርስበታለን።

ጋሽ ሃምሳ አለቃ ፖሊስ ከመሆናቸው በፊት ወታደር ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. የእናት ሀገር ጥሪ ታውጆ፣ በሐምሌም የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን ሲገባ፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብተው ሠልጥነው ወደ ምሥራቅ ከዘመቱት የገበሬ ልጆች አንዱ እሳቸው ናቸው። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ተይዛ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራው ውጊያ በድል ሲጠናቀቅ እሳቸው እግራቸውን ቆስለው ሐረር ተኝተው ነበር። ስለ ጦርነቱ ልጆቻቸው ሲጠይቋቸው የሚናገሩት አንድ ነገር ብቻ እንደነበር ሰማን። «ማታ ማታ ነፋሱ ወደ እኛ ሲሆን ከማዶው ምሽግ አዛን ይሰማን ነበር» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ አይቀጥሉም፤ ጠያቂውም አይደግምም።

ካገገሙ በኋላ ወደ ፖሊስ ተዛወሩ። ኮልፌ ገብተው ሠለጠኑና በትውልድ አካባቢያቸው ተመደቡ። ያን ጊዜ አገሩ በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር የከምባታና ሐድያ አውራጃ ይባል ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ የቀድሞው ጦር ሲፈርስ ለጥቂት ወራት እቤታቸው ተቀመጡ፤ ኋላ ተጠርተው ተመለሱ። በ1998 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ።

ስለ ጡረታ ዘመናቸው ለቀስተኛው ብዙ አጫወተን። የድንበር ጠብ ሲነሳ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በሌሊት ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚንኳኳው የእሳቸው በር ነው። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን አልሐምዱሊላህ፣ በየከተማችን እንዲህ ያሉ ደግ ሽማግሌዎች አይጠፉም። እኛን ከአዲስ አበባ ድረስ ያመጣን ሌላ ነገር ነው።

ነገሩን ከሥሩ የነገሩን ባለቤታቸው ናቸው። ቡና እያፈሉ «ልጆቼ፣ ይህ ነገር የጀመረው ከሬዲዮ ነው» አሉን። የደቡብ አፍሪካው መሪ ኔልሰን ማንዴላ በኅዳር 26 ቀን 2006 ዓ.ም. ባረፉ ሰሞን፣ ሬዲዮው በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መጥተው ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ሥልጠና እንደወሰዱ ይተርክ ነበር። የሰፈሩ አዛዥ ያን ጊዜ ኮሎኔል የነበሩት ታደሰ ብሩ ነበሩ። ማንዴላ ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ወደ አገራቸው ሲጠሩ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት የሰጧቸውም እሳቸው ናቸው። ጋሽ ሃምሳ አለቃ የሠለጠኑበት ሰፈር ሲነሳ ደስ ብሏቸው ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉት።

ከዚያ የሻምበል ጉታ ዲንቃ ታሪክ መጣ። ሻምበሉ በዚያ ዘመን ማንዴላን እንዲጠብቁ ከተመደቡት ፖሊሶች አንዱ ነበሩ። በኋላ ዘመን ለጋዜጠኞች እንደመሰከሩት፣ እንግዳውን እንዲገድሉ በገንዘብ ሊያባብሏቸው የመጡ ሰዎች ነበሩ። እሳቸው ግን እምቢ ብለው ነገሩን ለአለቆቻቸው አሳወቁ። እንግዲህ ማንዴላ ያን ጊዜ ዓለም የሚያውቃቸው ሰው አልነበሩም። ለአንድ ተራ ፖሊስ በሰፈሩ ውስጥ ካሉት ሠልጣኞች አንዱ ናቸው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን የተለፋ ቆዳ አስይዘው ወደ ሐበሻ ሲልኩ፣ ነጃሺ ስደተኞቹን ሰሃቦች አሳልፈው አልሰጡም፤ ስጦታውንም ለባለቤቶቹ መለሱ። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ባለቤታቸውም «እንደ ነጃሺ ያለ ሰው ነው!» ብለው ሊያሞግሱ ሲጀምሩ፣ ጋሽ ሃምሳ አለቃ ሬዲዮኑን ዘጉትና ዝም አሉ።

«ምነው?» አልኳቸው አሉን።

«የዚያ ሰው እጅ ንጹሕ ነው። የእኔ እጅ ግን መትቷል» አሉ።

አድማጮቻችን፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጋሽ ሃምሳ አለቃ ጉቦ በልተው አያውቁም። የከተማው ሰው ሁሉ ይህን ይመሰክራል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ጣቢያ የገባ ሰው በጥፊ ወይም በቆመጥ ሳይመታ መውጣቱ ብርቅ ነበር። አንዳንድ ለቀስተኛ «የዘመኑ ሥራ ነው፤ ምን ያድርጉ?» ብሎ ሲከራከርላቸው ሰምተናል። እኛ በዚህ አንስማማም። እሳቸውም አልተስማሙም። ጥፊው ያረፈው በሰው ፊት ላይ እንጂ በዘመን ፊት ላይ አይደለምና።

በዚያው ሰሞን በመስጂዱ ደርስ ላይ ስለ ኪሳራው ሰው የተላለፈውን ሐዲስ ሰሙ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሃቦቻቸውን ከሣሪ ማን እንደሆነ ጠይቀው፣ እነርሱም ገንዘብ የሌለው ነው ብለው ሲመልሱ፣ ከሣሪውስ በቂያማ ቀን ሶላትና ጾም ይዞ መጥቶ፣ ይህን ሰድቦ ያንን መትቶ ስለነበር መልካም ሥራው ለባለ ሐቆቹ ተከፋፍሎ የሚያልቅበት ሰው እንደሆነ ያስተማሩበት ነው። ጋሽ ሃምሳ አለቃ ያን ሌሊት አልተኙም። ሲነጋ ሰባተኛ ክፍል የነበረችውን የልጅ ልጃቸውን ጠርተው አዲስ ደብተር እንድታመጣ አዘዟት። እሳቸው ዓይናቸው ደክሞ መጻፍ አይችሉም ነበር።

ይህች ልጅ ዛሬ መምህርት ናት። ደብተሩንም ያሳየችን እርሷ ናት። መጀመሪያ ላይ አልጽፍም ብላ አልቅሳ ነበር። «አያቴ ሰው መታ ብዬ በእጄ እንዴት ልጻፍ?» አያቷም ባለቤታቸውን ተቆጡ፤ ልጅ የአያቷን ነውር ምን አደረገች ብለው። ጋሽ ሃምሳ አለቃ ግን «እኔ ከሞትኩ ማን ይከፍልልኛል? ትወቀው» አሉ። ያን ቀንና የተከታዮቹን ቀናት አስታውሰው ሃያ ሦስት ሰው አስጻፉ። ግማሾቹ ስም የላቸውም። «የወፍጮ ቤቱ ልጅ፣ ቀበቶ»፣ «በገበያ ቀን የተያዘው ሰውዬ፣ ሁለት ጥፊ»፣ እንዲህ ነው የተጻፈው።

ከዚያ በኋላ በየቤቱ መሄድ ጀመሩ። አሥራ አምስቱ በሕይወት ተገኝተው ዐውፍ አሏቸው። አምስቱ ሞተው ስለነበር ልጆቻቸውን ለመኑ። አንዷ ባለ ሐቅ አረቄ ሻጭ ነበሩ፤ በፍተሻ ጊዜ እንስራቸውን ሰብረውባቸዋል። ጋሽ ሃምሳ አለቃ እንስራ መግዛቱ በሸሪዓ እንዴት እንደሚሆን ኢማሙን ጠየቁ። ኢማሙ ብዙ አሰቡና «እንስራው ሐቃቸው ነው፤ ውኃም ይቀዳበታል» አሉ። አዲስ እንስራ በትከሻቸው ተሸክመው በገበያው መሐል ሲያልፉ የሳቀባቸው ብዙ ነው። ሴትየዋ «እኔስ ያኔውኑ ረስቼው ነበር፤ እንስራውን ግን አልመልስም» ብለው ተቀበሏቸው።

ከሁሉ የከበዳቸው አንድ ልብስ ሰፊ ነው። በጣቢያ ውስጥ በግራ ጆሮው ላይ በጥፊ መትተውታል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ጆሮው አይሰማም። ሁለት ጊዜ ሄደው አላናገራቸውም። በሦስተኛው የሰዋድን (ረ.ዐ) ታሪክ ነገሩት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በበድር ሰልፍ ሲያስተካክሉ በያዙት ፍላጻ ሆዱን ነክተውት፣ ሰዋድ አሳመሙኝ ሲል ሆዳቸውን ገልጠው ብድርህን ውሰድ ብለውት ነበር፤ እርሱም አቅፎ ሳማቸው። ጋሽ ሃምሳ አለቃ ይህን ተናግረው ጉንጫቸውን ሰጡት። ልብስ ሰፊው ከመኪናው ቀና ሳይል «ጥፊህ ምን ያደርግልኛል? ጆሮዬን መልስልኝ» አላቸው።

ለዚህ መልስ አልነበራቸውም። ሆሳዕና ወስደው ከጡረታቸው ከፍለው አስመረመሩት፤ ጆሮው እንደማይመለስ ተነገራቸው። ከዚያ በኋላ በየጁሙዓው ከሶላት መልስ በሱቁ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። አንዳንዴ ያወራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አያወሩም። ክር ሲያልቅ ሄደው ይገዙለታል። ይህ ለዓመታት ቆየ። ዐውፍ የሚለው ቃል ግን ከልብስ ሰፊው አፍ አልወጣም። በደብተሩ ላይ የእርሱ መስመር ሳይሰረዝ ቀረ።

ጀናዛው ቀርቦ ከሶላቱ በፊት ኢማሙ እንደተለመደው «በሟቹ ላይ ሐቅ ያለው ይናገር» ሲሉ ሰልፉ ጸጥ አለ። ከኋላ ልብስ ሰፊው ተነሳ። «እኔ አለኝ» አለ። ልጆቻቸው አንገታቸውን ደፉ። «በግራ ጆሮዬ አልሰማም። ሐቄን ዛሬ ሐላል ብያለሁ። ሳይሰሙኝ በመሄዳቸው ግን ይቆጨኛል» ብሎ ወደ ሰልፉ ገባ። ያን ዕለት ማታ የልጅ ልጃቸው ደብተሩን አውጥታ መስመሩን ሰረዘች።

አሁን የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ይህንን ዝግጅት ያሰናዳነውም ለእነርሱ ስንል ነው።

የመጀመሪያው በ1978 ዓ.ም. አካባቢ፣ በጊምቢቹ ገበያ በሬ ሰርቀሃል ተብሎ የተያዘ፣ ከግቤ ቆላ የመጣ ወጣት ነው። በጣቢያው ጀርባውን በቆመጥ ተመትቷል። በማግስቱ በሬው የገዛ ራሱ እንደሆነ ተረጋግጦ ተለቀቀ። ስሙ አልተያዘም። ባለ ነጭ ግንባር ጥቁር በሬ ነበር።

ሁለተኛው በበቆሎ እሸት የተያዘ የአሥር ወይም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። በእርግጫ ተመትቷል። ቤተሰቡ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከከምባታና ሐድያ ወደ መተከል ፓዌ በሰፈራ ከተወሰዱት ጋር እንደሄደ ይነገራል። ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ፣ የልጆች አባትም ሆኖ ይሆናል። በሁለቱም ስም ሟቹ ከጡረታቸው እየቀነሱ ያስቀመጡት ገንዘብ በየፖስታው ታሽጎ ተቀምጧል።

ራሳችሁ ከሆናችሁ፣ ወይም አባታችሁ ይህን ሲናገር ሰምታችሁ ከሆነ፣ ጊምቢቹ መጥታችሁ የመስጂዱን ኢማም ጠይቁ። ዐውፍ ማለት ባትፈልጉም ኑ፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው። መምጣት የማይመቻችሁ ለዝግጅት ክፍላችን ብትጽፉልን እናደርሳለን።