ስለ ቤት ኤሌክትሪክና ስለ መሬት ሽቦ



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ነገር ከመሬት በታች ስለሚቀበር ብዙ ሰው አያስበውም። ይኸውም የቤት ኤሌክትሪክ ከመሬት ጋር የሚታሠርበት ሽቦ ነው።

በደባርቅም በዳባትም በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገርበት ቤት ጥቂት አይደለም። የምጣዱ ገላ ቆርቆሮ ነው። የምትጋግረው እናት እጅዋ በሊጥ የራሰ ነው፤ አንዳንዴም ባዶ እግርዋን በእርጥብ መሬት ላይ ትቆማለች። የሽቦው ሽፋን ተቃጥሎ ቆርቆሮውን ቢነካ፥ 220 ቮልት በእርስዋ ገላ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል።

«የመሬት ዘንግ ስለ ተተከለ ሥጋት የለም» የሚሉ አሉ። እስኪ እናስላው። ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር የወጣ ሁሉ እንዳየው፥ የስሜን ምድር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ በብዙ ቦታም አፈሩ ስስ ነው። በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ኤሌክትሪክን የማሳለፍ ችሎታው ይቀንሳል። የዘንጉ ተቃውሞ 50 ኦም ነው ብንል፥ 220 ለ50 ሲካፈል 4.4 አምፔር ብቻ ይሆናል። የምጣዱ ብሬከር ግን 20 አምፔር ቢሆን በዚህ አይቆርጥም። ቆርቆሮው ሞትን እንደ ተሸከመ ይቆያል ማለት ነው።

ስለዚህ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ መሬትን ብቻ እንደ በቂ መመለሻ መንገድ አይቀበልም። በቤቱ መግቢያ ላይ የመሬቱ ሽቦ ከኒውትራል ጋር እንዲታሠር ያዛል፤ ያን ጊዜ ያመለጠው ኤሌክትሪክ በመዳብ ሽቦ ተመልሶ ብሬከሩን ወዲያው ያስቆርጠዋል። ዘንጉም ቢያንስ 2.4 ሜትር ያህል እንዲገባ፥ ድንጋይ ቢያግደው እስከ 45 ዲግሪ አዘንብሎ እንዲመታ፥ ይህም ካልሆነ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል በተቆፈረ ቦይ ተጋድሞ እንዲቀበር ይፈቅዳል። የአንዱ ዘንግ ተቃውሞ ከ25 ኦም ቢበልጥ ሁለተኛ ይጨመራል። በአገራችንም ስለ ሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የወጣ የሕንፃ ኮድ አለ፤ ግን ደንቡ ዋጋ የሚኖረው በየቤቱ ሲፈጸም ነው።

በዘንጉ ዙሪያ ጨውና ከሰል መጨመር ተቃውሞውን ይቀንሳል። ሆኖም ጨውን የክረምት ዝናብ ያጥበዋል፤ ብረቱንም ይበላዋል። ከዚህ ይልቅ 30 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ የሚቆርጥ መከላከያ ማስገጠም ይሻላል፤ የመሬቱ ተቃውሞ ከፍ ያለ ቢሆንም ይሠራልና።

ጓደኞቻችን፤ በሚመጣው ዕረፍት ወደ ቤታችን ስንገባ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ሶኬቱ ሦስተኛው ሽቦ አለውን? የዘንጉ ተቃውሞ በበጋ ተለክቷልን? መከላከያውስ ተገጥሟልን? መልሱ «የለም» ከሆነ፥ እኛው ራሳችን ሽቦ ከመነካካት ይልቅ ፈቃድ ያለው ባለሙያ እንጥራ። ስለ ኦም ተምረን እናታችን የምትጋግርበትን ምጣድ ሳናይ ብንመለስ፥ ትምህርታችን ለፈተና ብቻ ነበር ማለት ነው።