ከ63ኛው ፎቅ የሚታየው

የባንኮክ ውድ ምግብ ቤቶችና መጠጥ ቤቶች ከምግቡ ይልቅ ከፍታን ይሸጣሉ ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። በስቴት ታወር 63ኛ ፎቅ ላይ ያለው ሲሮኮ ጣሪያ እንኳ የለውም። «ሃንግኦቨር 2» የተሰኘው ፊልም በ2011 እ.ኤ.አ. ለዕይታ ከበቃ ወዲህ ደግሞ፣ የተቀረጸበት ሥፍራ በመሆኑ ዝናው ገንኗል።

እኔ እዚያ በወጣሁበት ምሽት ዓይኔን የያዘው ግን የቻው ፕራያ ወንዝ አልነበረም። በቅርብ ርቀት ሳቶርን ዩኒክ የተባለ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ያለ መስኮት፣ ያለ መብራት ቆሟል። የሁለቱም አርክቴክት አንድ ሰው ነው፤ ራንግሳን ቶርሱዋን። በ1997 የታይላንድ ገንዘብ ባት ሲወድቅ አበዳሪ ጠፋ፤ የሳቶርን ግንባታ በዚያው ቀረ። ስቴት ታወር ግን ተርፎ በ2001 ተጠናቀቀ። በቀረው ሕንፃ ውስጥ መኖሪያ ለመግዛት አስቀድመው የከፈሉ ሰዎች ነበሩ። የኢኮኖሚክስ ባልደረቦቼ ይታገሡኝና፣ እንግዳው የሚከፍለው ለእይታው ከሆነ ይህም የእይታው አካል ነው።

ስለ ጨለማው ሕንፃ አስተናጋጁን ጠየቅሁት። በትሕትና ፈገግ አለና፣ እጁን ወደ ወንዙ ዘረጋልኝ።