ድራማ በሥራ አስኪያጁ ሚዛን



ስለ ድራማ ስንከራከር ምስክር አድርገን የምንጠራው ደራሲውን ወይም ሐያሲውን ነው። ዛሬ ግን የቴአትር ቤቱን ሥራ አስኪያጅ ፍርድ እንመረምራለን።

ቮድቪል እስከ 1920ዎቹ በአሜሪካ የገነነ የልዩ ልዩ ትርኢት ምሽት ነበር። ዘፋኙ፣ ቀልደኛውና የሠለጠነው ውሻ ሲፈራረቁ፣ በመካከል ሃያ ደቂቃ ያህል የሚፈጅ አጭር ድራማ ይገባል። የኪዝ ቴአትር ቤቶች ሥራ አስኪያጆች እያንዳንዱን ትርኢት እየመዘኑ ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀና ተመልካቹ እንዴት እንደ ተቀበለው ለዋናው ቢሮ በየሳምንቱ ይጽፉ ነበር።

ለኒው ዮርኩ ፓላስ ቴአትር ትርኢት ይመርጥ የነበረው ጆርጅ ጎትሊብ፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1915 በታተመ መጽሐፍ ውስጥ የዘጠኝ ትርኢቶችን አደራደር አስረድቷል። ሕዝቡ ገና ወንበር ሲፈልግ ንግግር ስለማይሰማ፣ መጀመሪያ የሚቀርበው ቃል የሌለው ትርኢት ነው። ተመልካቹን የሚያነቃው አስቂኝ አጭር ድራማ በሦስተኛው ተራ ይገባል። ድራማ ሙሉ መድረክና የቤት ዕቃ ስለሚፈልግ፣ ዕቃው ሲነሣ ሌላ ተጫዋች ከመጋረጃው ፊት ቆሞ ሕዝቡን ማጫወት አለበት።

በዚህ ፍርድ ውስጥ ጥበብ አለ። ከውሻው ቀጥሎ የሚቀርብ ድራማ ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ ቶሎ ካልነገረን ጠፋ ማለት ነው። ደራሲ ይህን ቢማር አይጎዳም።

ነገር ግን ሚዛኑ ጐደሎ ነው። በ1913 ሣራ በርናርድ በዚያው ፓላስ በፈረንሳይኛ ተጫወተች። የገበያ ሚዛን ዝነኛ ስም ስንት ወንበር እንደሚሞላ ያሳያል፤ ቋንቋውን የማያውቅ ተመልካች በፊቷና በድምፅዋ ምን እንደ ተረዳ ግን አይመዘግብም። ፓላስም በ1932 ሲኒማ ቤት ሆነ። በሕዝብ ብዛት ብቻ የሚመዘን ጥበብ፣ ብዙ ሕዝብ የሚስብ ሌላ ነገር በመጣ ጊዜ መከላከያ የለውም።

እኛም በተማሪዎች ምሽት ድራማን በዘፈንና በግጥም መካከል ስናስገባ ተራውንና ሰዓቱን ከሥራ አስኪያጁ እንማር፤ ሁሉም ከደከመ በኋላ አናቅርበው። የትኛው ድራማ ይቅረብ የሚለውን ፍርድ ግን ለጭብጨባ ብቻ አንተውለት። አንዳንድ ድራማ መጋረጃው ሲዘጋ ዝም ያሰኛል፤ ክርክሩም በማግስቱ በመመገቢያ አዳራሽ ይጀመራል።