የሴሽን ጓዝና የሰርቨር ማኅደረ ትውስታ



እንደሚታወቀው፣ ድረ ገጾች የሚተላለፉበት ኤችቲቲፒ የተባለው ደንብ ካንድ አፍታ በፊት የቀረበለትን ጥያቄ እንኳ አያስታውስም። በአንደኛው ገጽ ስሙን የተናገረ ተጠቃሚ በሁለተኛው ገጽ እንግዳ ነው። ይህን ጉድለት ለመሙላት የኔትስኬፕ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ኩኪን ፈጠረ። ኩኪ ከ4,000 ባይት እምብዛም የማያልፍ ቁራጭ በመሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው መለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ዋናው ጓዝ ሴሽን በሚል ስም በሰርቨሩ ማኅደረ ትውስታ ይቀመጣል።

ችግሩ የሚመነጨውም ከዚሁ ጓዝ ነው። ፕሮግራም ጻፊው በሙከራ ጊዜ ብቻውን ስለሚገባ፣ ከዳታቤዝ የወጣውን ዝርዝር በሙሉ ወደ ሴሽኑ ቢያጉር ምንም አይታወቀውም። የአንዱ ተጠቃሚ ሴሽን 2 ሜጋባይት ሆኖ 5,000 ሰው ሲገባ ግን 10 ጊጋባይት ያህል ይያዛል። ሰውየው ገጹን ዘግቶ ቢሄድም ሰርቨሩ መሄዱን ስለማያውቅ፣ የተወሰነው ጊዜ እስኪያልፍ ጓዙን ይዞ ይጠብቃል። ይህ ጊዜ፣ ባለሙያው ካልለወጠው፣ በቶምካት 30፣ በኤኤስፒ ዶት ኔት 20 ደቂቃ ነው። ያለቀለትን መረጃ የሚጠርገው የጃቫ ክፍልም አይደርስለትም፤ ሴሽኑ እስካለ ድረስ በውስጡ ያለው ሁሉ በሥራ ላይ እንዳለ ይቆጠራልና። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ለፍለጋ ድርጅቶች ገጾችን የሚያስሱት ፕሮግራሞች ነገር ነው። የጉግልን የመሳሰሉት ኩኪውን ይዘው ስለማይመለሱ፣ በጠየቁት ገጽ ቁጥር አዲስ ሴሽን ሊከፈትላቸው ይችላል። አንድ እንግዳ ሺህ ጊዜ ተመዝግቦ ቤቱን ይሞላል ማለት ነው።

ማኅደረ ትውስታው ሲጠብ የብዙ ባለሙያ እጅ የሚሄደው ወደ ሰዓቱ ነው፤ 30ውን ደቂቃ 5 ያደርገዋል። ጭነቱ በርግጥ ይቀልላል። ነገር ግን ረጅም የማመልከቻ ቅጽ የሚሞላ ሰው የልደት ማስረጃውን ከመሳቢያ ፈልጎ እስኪመለስ ሴሽኑ ጠፍቶ፣ ያንን ሁሉ የጻፈውን እንደገና ሊጀምር ይገደዳል። የባለሙያውን ስንፍና ዕዳ ተጠቃሚው ይከፍላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሰዓቱን ከማሳጠር ጓዙን መቀነስ ይሻላል። በሴሽን ውስጥ የተጠቃሚው መለያና ጥቂት ነገር ይበቃል። ለሁሉም አንድ የሆነው ዝርዝር አንድ ጊዜ ብቻ በጋራ ይቀመጥ፤ ያላለቀ ቅጽ በረቂቅነት ወደ ዳታቤዝ ይግባ፤ ገጽ አንብቦ ለሚያልፍ ጎብኚም ሴሽን ባይከፈት የሚጎድልበት የለም። ሰርቨሮቹ ከአንድ በላይ ሲሆኑ ሴሽኑን እንደ ሬዲስ ባለ የጋራ ማከማቻ ማኖር ይቻላል። ሆኖም ሬዲስ ራሱ በማኅደረ ትውስታ ስለሚሠራ፣ ወደዚያ የተዛወረ 2 ሜጋባይት ያው 2 ሜጋባይት ነው፤ እንዲያውም በየጥያቄው በኔትዎርክ መመላለሱ ይጨመርበታል።